ጀልባ ላይ የክብር ወንበር የለም

የዛሬው ጨዋታችን ከመቐለ ሻይ ቤት ተነሥቶ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ይደርሳል። ልጅና የልጅ ልጅ ይዛችሁ ጀልባ የምትሳፈሩ ከሆነ ግን ጉዳዩ የእናንተም ነው።

ባለፈው ሰሞን መቐለ ሄጄ አንድ የቆየ ወዳጄን አገኘሁ። መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የስፌት ማሽን ጠጋኝ ነው። ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ነው የተቀጠረው። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ሥራ አጥቶ ቤት ውሏል፤ አሁን ተመልሶ ይሠራል። እህቱ ደግሞ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ትሠራለች። እሷ ስትወልድ አባቱንና እናቱን፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ለጥየቃ ሐዋሳ ወረደ።

ሐዋሳ ሄዶ ጀልባ ሳይሳፈር የሚመለስ እንግዳ ጥቂት ነው። እነሱም ከሰዓት በኋላ ጉማሬ እንይ ብለው አንዲት ትንሽ የሞተር ጀልባ ተከራዩ። መደገፊያ ያለው ሰፊ መቀመጫ ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ ነበር። እንደ ባህላችን ለአቦይና ለአደይ ተሰጠ። ወዳጄም እንዳይፈሩ ብሎ አጠገባቸው ተቀመጠ። ነጂውም የሚነዳው እዚያው ኋላ ሆኖ ነው። ልጆቹ እንደ ልባቸው እንዲያዩ ከእናታቸው ጋር ፊት ሄዱ። ላይፍ ጃኬቶቹ መቀመጫው ሥር ነበሩ፤ የጠየቀም የሰጠም የለም።

«በዝግታ ስንሄድ ምንም አልነበረም» አለኝ ወዳጄ። «ነጂው ነዳጅ ሲጨምር ግን የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ሰማይ ተነሣ። ይወርዳል ብለን ብንጠብቅ አልወረደም። ከዚያ ፊቷን ብድግ ዝቅ፣ ብድግ ዝቅ እያደረገች መዝለል ጀመረች። የሰባት ዓመቷ ልጄ ከመቀመጫዋ ስትነሣ አየሁ። እኔም ዘልዬ ቆምኩ።»

እሱ ሲቆም ጀልባዋ ወደ ጎን አጋደለች። ነጂው ደንግጦ ነዳጁን በአንድ ጊዜ ለቀቀው። አፍንጫዋ ዷ ብሎ ወረደ። ጀልባዋ ራሷ ያስነሣችው ማዕበል ከኋላ ደርሶ አቦይን እስከ ወገባቸው አለበሳቸው። ልጅቷን እናቷ በቀሚሷ ይዛት ተረፈች። ከቤተሰቡ ዋና የሚችል አንድም ሰው የለም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ። ጀልባ በዝግታ ስትሄድ ውኃው ውስጥ ተቀምጣ እየገፋችው ነው። ፍጥነት ስትጨምር ከፊቷ የሚከመረውን ማዕበል ለመውጣት ትታገላለች፤ ያን ጊዜ ፊቷ ይነሣል፣ ኋላዋ ይሰምጣል። ጉልበቷ ከበቃ ማዕበሉን አልፋ ፊቷን ትመልስና በውኃው ገጽ ላይ እየተንሸራተተች ትሮጣለች። አደጋው የሚበዛው በዚህች መሸጋገሪያ ላይ ነው። ነጂው ፊት ለፊቱን በደንብ አያይም፣ ከውኃው ጋር የሚነካካው የጀልባው አካልም እያነሰ ይሄዳል።

ክብደት ወደ ኋላ ከበዛ ጀልባዋ ማዕበሉን መውጣት ያቅታታል፤ ብትወጣም እንደ ፈረስ ትዘላለች። ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ አፍንጫዋ ውኃውን እያረሰ መሪው አልታዘዝ ይላል፣ ሳይታሰብም ወደ ጎን ልትጠመዝዝ ትችላለች። ወደ አንድ ጎን ከበዛ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ማጋደሉ ይብሳል። ከወለሉ ሥር የተጠራቀመ ውኃም ክብደት ነው። አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚሞላ ውኃ 100 ኪሎ ይመዝናል። ፊቷ ሲነሣ ይህ ሁሉ ወደ ኋላ ይሮጣል፤ ስትታጠፍ ወደ ጎን።

ሌላም የአገራችን ነገር አለ። ሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ። አየሩ ስለሚሳሳ ተራ የቤንዚን ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ባሕር ዳርቻ ላይ ስድስት ሰው ይዛ በቀላሉ የምትወጣ ጀልባ እኛ ዘንድ ፊቷን ቀና አድርጋ ስትታገል ልትቀር ትችላለች። የሰው ቁጥር ቢቀነስ የሚበጀው ለዚህም ነው።

ወዳጄ ይህን በራሱ ሙያ ነው የተረዳው። «እኛ ማሽን ስንተክል መጀመሪያ የምናየው የጠረጴዛውን እግር ነው» አለኝ። «አንዱ እግር አጥሮ ቢሆን በዝግታ ስትሰፋ አይታወቅህም። በደቂቃ 4,000 ስፌት ስትደርስ ግን ጠረጴዛው መራመድ ይጀምራል። ጀልባዋም እንደዚያው ናት። እኔ የሰው ማሽን ሳስተካክል እየዋልኩ የገዛ ቤተሰቤን ክብደት ሳላይ ተሳፈርኩ።»

እንግዲህ ወላጆችና አያቶች፣ ነገሩ ከዳር ሳይነሡ የሚያልቅ ነው። በመጀመሪያ ላይፍ ጃኬት። የልጅ መጠን ያለው መሆኑን እዩ፤ ትልቁ ልጅ ላይ ሲሆን ውኃ ውስጥ በራሱ ላይ ይሾልካል። ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ጆሮው ድረስ ከመጣ አይሆነውም።

ቀጥሎ አቀማመጥ። ከባድ ሰዎች መሐል ላይ፣ ግራና ቀኙ ተመጣጥኖ ይቀመጡ። ልጆች አፍንጫዋ ላይ አይቀመጡ፤ ከዚያ የወደቀ ልጅ ጀልባዋ በላዩ ታልፋለች፣ ከኋላ ደግሞ የሞተሩ ፕሮፔለር አለ። ወለሉ ላይ ውኃ ካለ ይቀዳ። ነጂውን «ነዳጅ ከመጨመርህ በፊት ንገረን» በሉት። በሞተሩ ማጥፊያ ላይ የሚታሰር ቀይ ገመድ ካለ እጁ ላይ ወይም እግሩ ላይ ይሰረው፤ እሱ ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው ያ ገመድ ነው።

ጀልባዋ መዝለል ወይም ማጋደል ከጀመረች ማንም አይነሣ። ተቀምጣችሁ ያዙና ነጂው ነዳጁን ቀስ እያለ እንዲቀንስ ንገሩት፤ በአንድ ጊዜ ከለቀቀው የአቦይ ነገር ይደገማል። ቦታ መለዋወጥ ጀልባዋ ከተረጋጋች በኋላ፣ አንድ በአንድ፣ ጎንበስ ብሎ ነው። ጉማሬ ታየ ሲባልም ሁሉም ወደ አንድ ጎን አይሩጥ፤ ነጂው ጀልባዋን ያዙርላችሁ። ሰው ቢወድቅ ነጂው በዝግታ ይጠጋና አጠገቡ ሲደርስ ሞተሩን ያጥፋ፤ ዋና የማይችል ሰው ተከትሎ አይዝለል፣ የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውር። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ብዙ ጊዜ ነፋስ የሚነሣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት መሄዱ ይሻላል።

የእነ ወዳጄ መመለሻ ሌላ ነበር። ነጂው አደይንና ወዳጄን ወደ መሐል አመጣቸው፣ ልጆቹን ከአፍንጫዋ አንሥቶ እናታቸው ጎን አስቀመጣቸው፣ ጃኬቱንም አወጣ። ያችው ጀልባ፣ ያው ሞተር፣ ያው ሰው ሆኖ ፊቷን ጥቂት አንሥታ መለሰችና ቀጥ ብላ ሄደች።

ወዳጄን እስከ ዛሬ የሚቆጨው ነጂው መጀመሪያውኑ አቀማመጡ ልክ እንዳልሆነ ያውቅ የነበረ መሆኑ ነው። ለምን ዝም እንዳለ ሲጠይቀው «ሽማግሌ ከተቀመጡበት ተነሡ እንዴት እላለሁ?» አለው። አቦይ ይህን ሰምተው ልብሳቸውን እየጨመቁ «ልጄ፣ ብትነግረኝ ኖሮ ወለሉ ላይም እቀመጥ ነበር» አሉት።

ስለዚህ አያቶች፣ ነጂው እንዳያፍር እናንተው ቅደሙት። ጀልባ ስትሳፈሩ «እኔ የት ልቀመጥ?» ብላችሁ ጠይቁት።