ማሽኑ ገባ፤ መስመሩንስ ማን ያሰምረዋል?

"አዲስ የጨረር ማሽን ሥራ ጀመረ" የሚል ዜና ሲወጣ ሁላችንም ሼር እናደርጋለን። ደስታው ተገቢ ነው። ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ20 ዓመት በላይ የአገሪቱ የጨረር ሕክምና በሙሉ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ላይ ተንጠልጥሎ ነው የኖረው። ወረፋው ለወራት ይዘልቅ ነበር። አሁን ሊኒየር አክስለሬተር የሚባሉት ዘመናዊ ማሽኖች መጥተዋል፣ እንደ ጅማ ያሉ ከተሞችም ደርሷቸዋል።

ግን በዜናው ውስጥ የማናየው አንድ ጥያቄ አለ። ማሽኑ ጨረሩን የሚረጨው የት ላይ ነው? ያንን ቦታ ማሽኑ አያውቀውም። ሰው ነው የሚያሳየው፣ ያውም በእጁ እያሰመረ።

ሥራው እንዲህ ነው። ታማሚዋ ጨረር ስትወስድ በምትተኛበት አኳኋን ሲቲ ስካን ትነሳለች። ምስሉ እንደ ዳቦ ቁራጭ በስሱ ተቆራርጦ ኮምፒውተር ላይ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ ከመቶ በላይ ቁራጭ። ሐኪሙ ዕጢው በሚታይበት እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ጠርዙን ተከትሎ መስመር ያሰምራል። ይሄ የመጀመሪያው ክብ ነው፣ የሚታየው ዕጢ። ሁለተኛው ክብ በየትኛውም ምስል ላይ የማይታዩ የካንሰር ሴሎች ተሰራጭተውበታል ተብሎ የሚገመተውን ዙሪያ ይይዛል። ሦስተኛው ደግሞ ሰውነት ስለሚንቀሳቀስና በየቀኑ አልጋው ላይ አተኛኘቱ ትንሽ ስለሚለያይ የሚተው ትርፍ ቦታ ነው። ይህን የሦስት ክብ አሠራር በ1993 ያወጣው የጨረር መለኪያዎችን የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ነው፣ እስካሁንም ዓለም በሱ ነው የሚሠራው።

የመጀመሪያው ክብ ከተሳሳተ ሌሎቹ ሁለቱ ስህተቱን ይዘው ነው የሚሰፉት።

በድሮው አሠራር አጥንትን ምልክት አድርጎ ሰፊ አራት ማዕዘን መስክ ማብራት የተለመደ ነበር። ጤናማ አካል ይጎዳል፣ ዕጢው ግን ብዙ ጊዜ ከውስጥ አይወጣም። የዛሬው ማሽን ጨረሩን ለዕጢው ቅርጽ ልክ መቁረጥ ይችላል፣ ከመስመሩ ጥቂት ሚሊሜትር አለፍ ሲል መጠኑ በፍጥነት ይወርዳል። ጥሩ ነገር ነው እኮ፣ ምራቅ አመንጪ ዕጢዎችና ሕብለ ሰረሰር ይተርፋሉ። ከመስመሩ ውጭ የቀረ የካንሰር ጠርዝም ግን አብሮ ይተርፋል።

"ሐኪም አይደለም እንዴ የሚያሰምረው?" ትሉ ይሆናል። በ2006 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት 11 የጨረር ሐኪሞች የ22 የሳንባ ካንሰር ሕሙማንን ምስል እንዲያሰምሩ አደረገ። በሲቲ ብቻ ሲሠሩ የመስመሮቻቸው መለያየት በአማካይ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ፔት ስካን ሲጨመርበት ወደ 0.4 ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በሲቲ ላይ ዕጢውና አየር አጥቶ የተኮማተረው ሳንባ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ይታያሉ። ፔት ደግሞ ስኳር በብዛት የሚበላውን ቦታ ያበራዋል። ለስላሳ ሥጋን ለመለየት፣ ለምሳሌ በማህፀን በር ካንሰር፣ ኤምአርአይ ይበልጣል። ሲቲ ግን አይቀርም፣ የጨረሩ ስሌት የሚሠራው በሱ ነውና። ስለዚህ ምስሎቹ ይደራረባሉ።

እና ማሽን ተገዝቶ በቅርብ ኤምአርአይ ከሌለስ? ፔትማ ሌላ ጣጣ አለው፣ በብዛት የሚጠቀምበት ራዲዮአክቲቭ ፍሎሪን በ110 ደቂቃ ውስጥ ግማሹ ያልቃል፤ ከሩቅ አገር የሚጫን ዕቃ አይደለም።

በ2010 የወጣ ሌላ ዓለም አቀፍ ጥናት ደግሞ የበለጠ ያስደነግጣል። ከ800 በላይ የራስና የአንገት ካንሰር ሕሙማን የጨረር ዕቅድ ሲመረመር ከ100 ውስጥ 12 ገደማ የሚሆኑት ውጤት የሚያበላሽ ከባድ ጉድለት ነበረባቸው። ጉድለቱ ሁሉ የመስመር አይደለም፣ ግን የመስመርም አለበት። ዕቅዳቸው ከመጀመሪያው ትክክል ከነበረው 70 በመቶው ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ፤ ከባድ ጉድለት ካለባቸው ግን 50 በመቶ። ጉድለቱ የበዛው ደግሞ ጥቂት ታካሚ ባስመዘገቡ ማዕከላት ነው። አዲስ ለሚከፈቱት የእኛ ማዕከላት ይሄ ቁጥር ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው ብለን እናምናለን።

"ኤአይ ይሥራዋ!" የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ እናውቃለን። እየሠራ ነው። ዲፕማይንድ ከለንደን ሐኪሞች ጋር በ2021 ባሳተመው ጥናት ሶፍትዌሩ 21 የራስና የአንገት አካላትን ከባለሙያ ባልራቀ ጥራት አሰምሯል። ልብ በሉ፣ ያሰመረው መጠበቅ ያለባቸውን ጤናማ አካላት ነው። ዓይን የሁሉም ሰው በአንድ ቦታ ነው፣ ዕጢ ግን የትም ይበቅላል፣ እንደፈለገም ይቀረፃል። ቢሆንም ጥቂት ሐኪም ላለው አገር የሰዓታት ሥራ መቀነሱ ቀላል አይደለም፣ ሐኪሙ ያተረፈውን ሰዓት ዕጢው ላይ ካዋለው።

በርካሽ የሚገኝ ነገርም አለ። መስመሩን ሌላ ሐኪም አይቶ ሳያረጋግጥ ጨረር አለመጀመር። ምስሉ ፋይል ነው፣ የጅማውን አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ሊያየው ይችላል። ቀጣዩ የምረቃ ዜና ሲመጣ ከሪባኑ ፎቶ በታች የምንጠይቀው ይሄንን ነው፦ ስንት የጨረር ሐኪም፣ ስንት የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ፣ ኤምአርአይ የት፣ ሁለተኛው አይን የማን?

እናቱን ወይም እህቱን ለማህፀን በር ካንሰር ጨረር የሚያመላልስ ካለ ደግሞ፦ "ከመግባትሽ በፊት ይህን ያህል ውሃ ጠጪ" ከተባለች አትቀልዱበት። ፊኛ ሲሞላና ሲጎድል ማህፀን ቦታ ይቀይራል። መስመሩ የተሰመረው ፊኛዋ ሞልቶ በተነሳ ምስል ላይ ከሆነ ባዶ ፊኛ ይዛ ስትገባ ዕጢው ከመስመሩ ሊወጣ ይችላል።