በርሜል ያልቃል፤ መቀርቀሪያው ይቀራል

ይድረስ ለውድ አንባቢ፤ በተለይም አሜሪካ ተቀምጠው የዒላማ ጠመንጃ በገዛ እጃቸው ለመገጣጠም ላሰቡ።

ገንዘቡን አጠራቅመዋል፤ ሰደፉን መርጠዋል፤ የማነጣጠሪያ መነጽሩም ላይ ዓይንዎ አርፏል። የቀረዎት ካሊበሩ ነው፤ እሱ ደግሞ እንቅልፍ ነስቶዎታል። አንዱን ሲጠይቁ .308 ዊንቸስተር ይልዎታል፤ ሌላው በ6.5 ክሪድሙር ይምላል፤ ሦስተኛው ስሙን እንኳ ሰምተውት የማያውቁትን ባለ 6 ሚሊሜትር ያወድስልዎታል። ሁሉም የሚያመሰግነው የገዛውን ነው። እኔም ኋላ ላይ አንዱን እመርጥልዎታለሁ። ከካሊበሩ በፊት የሚመጣ ሌላ ምርጫ ግን አለ፤ ብዕር ያነሳሁትም ስለ እሱ ነው።

ሕጉን በአጭሩ ላንሳው። አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ለዕውቀት ያህል ብቻ አንብቡት፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መሥራት ክልክል ነው። አሜሪካ ውስጥ በፌዴራሉ ሕግ ዓይን ጠመንጃ የሚባለው መቀርቀሪያው የሚገባበት፣ ቁጥር የተቀረጸበት ዋናው አካል ነው። እሱን ፈቃድ ካለው ነጋዴ፣ ማጣሪያውን አልፈው ይገዛሉ፤ በርሜልና ሰደፍ የሚታዩት እንደ መለዋወጫ ነው። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድለትም። እንደ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ያሉ ግዛቶች ደግሞ የራሳቸውን ጥብቅ ደንብ ይጨምራሉና ዕቃ ከማዘዝዎ በፊት የግዛትዎን ሕግ ይወቁ።

አሁን ወደ ነገሬ። አያቶቻችን ውጅግራ፣ ምንሽር፣ አልቢን እያሉ ጠመንጃን በስሙ ሲጠሩ ካሊበር የሚባል ምርጫ አልነበረባቸውም። ውጅግራ 11 ሚሊሜትር ነው፤ አለቀ። የያዘው ሰው የሚጨነቀው ጥይቱን ከየት እንደሚያገኝ ብቻ ነበር። እኛ ግን ያንኑ አመል ይዘን ቀረን መሰለኝ፤ ካሊበርን ስንመርጥ ለዕድሜ ልካችን የምንቆርብ ይመስለናል።

ዛሬ በሚገጣጠም የዒላማ ጠመንጃ ላይ በርሜል እንደ መኪና ጎማ አላቂ ዕቃ ነው። የ6.5 ክሪድሙር በርሜል ለውድድር የሚሆን ጥራቱን ጠብቆ የሚቆየው እስከ 2,500 ጥይት አካባቢ ነው ይባላል፤ የ.308 እስከ 5,000 ይዘልቃል፤ ፈጣኖቹ ባለ 6 ሚሊሜትሮች ከሁለቱም ያነሰ ዕድሜ አላቸው። ገዳዩ ሙቀት ነው። ባሩዱ ብዙ፣ ቀዳዳው ጠባብ ሲሆን ነበልባሉ ጥይቱ ከሚጎርስበት ቀጥሎ ያለውን የበርሜሉን ጉሮሮ ይበላዋል። አንድ አረር በርሜል ውስጥ የሚቆየው ከሰከንድ አንድ ሺኛ ትንሽ ቢበልጥ ነው። 2,500ውን ቢደምሩት አምስት ሰከንድ አይሞላም። በብዙ መቶ ዶላር የተገዛ ብረት አምስት ሰከንድ ሳይሠራ ጡረታ ይወጣል!

እንግዲህ በርሜሉ ከተቀየረ ካሊበሩም አብሮ ሊቀየር ይችላል። ካሊበርዎን የሚወስነው ከበርሜሉ ኋላ የሚቀረው ነገር ነው፤ እሱም የመቀርቀሪያው ፊት። የ.308 ቀልሃ ከታች፣ መቀርቀሪያው በሚይዘው በኩል፣ ስፋቱ 12 ሚሊሜትር ነው። 6.5 ክሪድሙርም እንደዚያው፤ .243ም፣ 6 ሚሊሜትር ቢአርም እንደዚያው። ባለ 12 ሚሊሜትር መቀርቀሪያ የገዛ ሰው እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ገዝቷል ማለት ነው፤ ዛሬ በአንዱ ቢጀምር ነገ በርሜሉን ብቻ ለውጦ ወደ ሌላው ይዞራል። የ.223 ቀልሃ ግን 9.6 ሚሊሜትር ስለሆነ በዚያ መቀርቀሪያ አይያዝም። ለኔ ዋናው ውሳኔ ይኸው ነው፤ የቀረው የጣዕም ጉዳይ ነው ብል አላጋነንኩም።

በርሜል መቀየር ሲባል ፋብሪካ የሚያስኬድ ነገር አይምሰልዎ። ጥይት ማጉረሻው ተቆርጦለት የሚመጣ በርሜል አለ፤ ሳቬጅ በሚባለው የጠመንጃ ፋብሪካ ዓይነቱ አሠራር በትልቅ ዳዶ ይጠብቃል። ቀልድ የማያውቀው ግን ልኩ ነው። ጎ እና ኖ-ጎ የሚባሉ ሁለት የብረት መለኪያዎች አሉ፤ ለየካሊበሩ የየራሱ። ጎ ሲገባ መቀርቀሪያው በጣት ግፊት ብቻ ተንሸራቶ መዘጋት አለበት፤ ኖ-ጎ ሲገባ አሻፈረኝ ማለት አለበት። በሁለቱም ከተዘጋ ቀልሃው የሚላወስበት ክፍተት ተርፏል ማለት ነው፤ ያ ጠመንጃ አይተኮስበትም። እጅዎ ካልለመደ ይህችን ሥራ ለባለሙያ ከፍለው ያሠሩ።

ስለ ነፋስ ደግሞ ላውጋዎት፤ ካሊበር የሚያስመርጠን እሱ ነውና። 1,000 ያርድ፣ ማለትም 914 ሜትር ላይ፣ የጎን ነፋሱን በሰዓት 1.6 ኪሎ ሜትር ብቻ አሳስተው ቢገምቱ 140 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው) የሚመዝን የክሪድሙር አረር ከመሃል 18 ሴንቲሜትር ያህል ይስታል፤ ባለ 168 ግሬን የ.308 አረር ደግሞ 24። ልዩነቱ እውነት ነው፤ በወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን በኤፍ-ክላስ ውድድር የአስሩ ክብ ከመሃል እስከ ጠርዝ 13 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም፤ የዘጠኙ 25 ይደርሳል። እንግዲህ ይቁጠሩት፤ በ18ም በ24ም ያገኙት ዘጠኝ ነው። በ100 ያርድ ሜዳ ላይማ ልዩነቱን ፈልገውም አያገኙትም።

ልዩነቱን መሣሪያው ብቻ እንደማይወስን የስሙ ታሪክ ራሱ ይነግረናል፤ ክሪድሙር የሚለው ስም የወረደው ኒው ዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ ከነበረ የተኩስ ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 አሜሪካኖችና አየርላንዶች እዚያ ተገናኙ፤ አየርላንዶቹ በአፈሙዝ የሚጎርስ፣ አሜሪካኖቹ ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዘው። ውጤቱ 934 ለ931። ዘመናዊው ጠመንጃ አሸነፈ ለማለት ይመቻል። ነገር ግን ሚልነር የተባለው አየርላንዳዊ አንዱን ጥይት መሃል ዓይኑ ላይ አሳርፎት ነበር፤ በሌላ ሰው ዒላማ ላይ! ዜሮ ተጻፈበት። በዚያን ጊዜ መሃሉ አራት ነጥብ ያስገኝ ነበር፤ የተሸነፉት በሦስት ነው።

ፍርዴን ልስጥ። ኤፍ-ቲአር በሚባለው የኤፍ-ክላስ ምድብ ለመወዳደር ካሰቡ ምርጫው ተዘግቷል፤ ደንቡ የሚፈቅደው .223ንና .308ን ብቻ ስለሆነ .308ን ይያዙ። በአቅራቢያዎ ያለው ሜዳ ከ300 ያርድ የማያልፍ ከሆነና ሩቅ የመሄድ ሐሳብ ከሌለዎት .223 ይበቃዎታል፤ ጥይቱ ይረክሳል፣ ትከሻም አያሳምም፤ የሚናቀው በከንቱ ነው። ከነዚህ ከሁለቱ ውጪ ለሆነ ሰው ሁሉ 6.5 ክሪድሙር እላለሁ። የጥይት አምራቹ ሆርናዲ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲያወጣው ለዒላማ ብሎ ነው ያወጣው፤ ጥይት በቤት መሙላት ሳያስፈልግ ከሱቅ የተገዛው ራሱ ጥሩ ይመታል። ባለ 6 ሚሊሜትሮቹን ለሁለተኛው በርሜል ያቆዩአቸው፤ ከመነጽሩ በጀት ላይም ቀንሰው ወደ ጥይት ያዛውሩ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ ልበልዎት። በአንድ መቀርቀሪያ የሚያዙ ጥይቶች መልካቸው ይቀራረባል፤ ቀጭን አረር ያለው ጥይት በስህተት ሰፋ ያለ በርሜል ውስጥ ሊጎርስ ይችላል፤ ሲተኮስም ቀልሃው ሊቀደድ፣ ትኩሱም ጋዝ ወደ ፊትዎ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ በርሜል በቀየሩ ቁጥር አዲሱን ካሊበር ሰደፉ ላይ ጽፈው ይለጥፉ፤ ሁለት ዓይነት ጥይትም በአንድ ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡ።