የለበስነው የማን እጅ ሥራ ነው?

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ውቅያኖስ ተሻግሮ አትላንታ ከገባ በኋላም ሥራውን አልፈታም። ጥምቀት፣ ፋሲካ ወይም እንቁጣጣሽ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሁላችንም ስልክ በሐበሻ ቀሚስ ፎቶግራፍ ይጥለቀለቃል። «ይሄን ቀለም ለሁላችንም እንዘዝ» ትላለች አንዷ። «የኔ እህት፣ ርካሹ ይሻላል፤ ለአንድ ቀን ለሚለበስ ምን አስጨነቀን» ትላለች ሌላዋ። ትእዛዙ ይተላለፋል፣ ጥቅሉ ደጃፍ ላይ ይጣላል፣ በዓሉም ይደምቃል። በፖለቲካ ነጋ ጠባ የምንጨቃጨቅ ሰዎች ቢያንስ በነጭ ልብስ አንድ ሆነን እንታያለን። ይህ በጎ ነገር ነው። ነገር ግን በዚህ ሁሉ መሀል ሳይነሣ የሚቀር አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህን ጨርቅ የሠራው ማነው? እንጀራውንስ የበላበት ማነው?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ዛሬ «የሐበሻ ልብስ» እየተባለ ከሚሸጠው ውስጥ ጥቂት የማይባለውን የሸማኔ እጅ አልነካውም። ጥለቱ በካሜራ ይነሣል፣ በኮምፒዩተር ይስተካከላል፣ ከዚያ ቻይና ባለ ፋብሪካ በፖሊስተር ጨርቅ ላይ ይታተማል፣ ወይም በማሽን ይሸመናል። የሚመጣውም ወደ እኛ ወደ ስደተኞቹ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባም ይገባል፤ እንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ ድረስ ዘልቆ ከሸማኔው ሥራ ጎን ተሰቅሎ ይሸጣል። ስለዚህ «ከሽሮ ሜዳ የመጣ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ማረጋገጫ መሆኑ ቀርቷል።

የእውነተኛው ሸማ መንገድ ረጅም ነው። ጥጡ ይፈለቀቃል፣ ይባዘታል፣ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል። ሸማኔው ድሩን ይዘረጋል፤ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ካለው መርገጫ ላይ አኑሮ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ፣ ከቀኝ ግራ ሲልክ ይውላል። ጥበቡ ላይ ሲደርስ ሥራው ይዘገያል፤ የቀለሙን ክር በጣቱ እየቆጠረ ማስገባት አለበትና። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ሙያውን ይዘው የመጡት ከአርባ ምንጭ በላይ ካለው የጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ ነው፤ አባት ለልጅ ሲያስተምር የኖረ ሙያ ነው። አንድ ሸማ ስንገዛ የምንከፍለው ለፈታይዋም፣ ለሸማኔውም፣ ለልብስ ሰፊውም ነው። የታተመውን ስንገዛ ከእነዚህ አንዳቸውም ሳንቲም አይደርሳቸውም። ንድፉ ግን የእነሱ ነው።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ሸማኔውን ስንበድል ይህ የመጀመሪያችን አይደለም። ሸማውን ለብሰን እየተኩራራን ባለሙያውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ቀጥቃጩን «ጠይብ»፣ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» እያልን የኖርን ሕዝብ ነን። ነገሩ መንግሥት ጣልቃ እስኪገባበት ደርሶ ነበር። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አውጥተዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ከአፋችን ቀንሷል እንበል፤ ሆኖም የሸማኔውን ድካም «ምን አላት፣ ጨርቅ አይደለች» ብለን ዋጋ ስናረክስበት ያው ስድብ በሌላ መንገድ ተመለሰ ማለት ነው። የድሮው ስድብ ክብሩን ነበር የሚነካው፤ የዛሬው ምሳውን ነው።

«ማሽን መጣ፣ እጅ ሥራ ቀረ፤ የዓለም ሕግ ነው፣ ምን ይደረግ?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። መልሱ እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ጆርጂያ ውስጥ አለ። ከአትላንታ በአውራ ጎዳና 75 ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብትነዱ ዳልተን የምትባል ከተማ ትደርሳላችሁ። ከመሀላችን ከባድ መኪና የሚነዱ ወንድሞች ምንጣፍ ጭነው ወጥተውባት ሊሆን ይችላል፤ የዓለም የምንጣፍ መዲና እየተባለች የምትጠራ ናት። ይህ ሁሉ ኢንዱስትሪ የተነሣው ከአንዲት ልጅ መርፌ ነው። ካተሪን ኢቫንስ የምትባል ዕድሜዋ 15 ገደማ የሆነ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1895 የአልጋ ልብስ በእጇ ሠራች፤ በ1900 የመጀመሪያውን በ2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሸጠች። ፈላጊው ሲበዛ ለጎረቤቶቿ አስተማረች። የገበሬ ሚስቶች በየቤታቸው እየሠሩ የልጆቻቸውን ጫማ ገዙበት። የአልጋ ልብሶቹ በመንገድ ዳር በገመድ ላይ ተሰጥተው ለአላፊ አግዳሚው ይሸጡ ነበር፤ ብዙዎቹ ላይ የጣዎስ ሥዕል ስለነበረባቸው መንገዱ «የጣዎስ ጎዳና» ተባለ። በ1930ዎቹ ሥራው ከቤት ወደ ፋብሪካ፣ ከእጅ ወደ ማሽን ተዛወረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ያው ዘዴ ወደ ምንጣፍ ተሸጋገረ።

ልብ በሉ፤ ዳልተንም ማሽን መጥቷል። ነገር ግን ማሽኑ የተተከለው እዚያው ዳልተን ነው። ሥራው፣ ደሞዙም ሆነ ስሙ እዚያው አካባቢ ቀረ። የእኛ ሸማኔ የገጠመው ሌላ ነው። ማሽኑ ያለው ሌላ አገር፣ ትርፉ የሚገባው ሌላ ኪስ፤ ለሸማኔው የተረፈው ንድፉን መነጠቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ክርክሩ በእጅና በማሽን መካከል አይደለም። ክርክሩ ሙያው የማን ነው፣ ከሙያው የሚበላውስ ማነው የሚል ነው።

በጎ ምሳሌ የለም ማለት አይደለም። ቤተልሔም ጥላሁን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አዲስ አበባ፣ ዘነበ ወርቅ ሰፈር «ሶል ሬብልስ» የተባለውን የጫማ ድርጅት ስታቋቁም መነሻዋ ሁላችንም የምናውቀው በረባሶ ነበር። ከአሮጌ ጎማ የሚቆረጠውን፣ ገበሬውና ታጋዩ የተጫማውን በረባሶ ከእጅ ሽመና ጋር አጣምራ በራሷ ስም ለዓለም ገበያ አቀረበችው። ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 «ለምለም» የተባለውን የልብስ ድርጅት ያቋቋመችው ሸማኔዎች ገበያ አጥተው ሥራ ሲፈቱ አይታ ነው። «ሳባሃር» ደግሞ ካቲ ማርሻል የተባለች ካናዳዊት በ2004 አዲስ አበባ ውስጥ የመሠረተችው የሽመና ድርጅት ነው፤ ከጥጥና ከሐር የአንገት ልብስ፣ የጠረጴዛ ልብስና ፎጣ ያሠራል። ሦስቱም የሚያሳዩን አንድ ነገር ነው፦ የእጃችን ሥራ ስሙ ከታወቀና ዋጋው ከተከበረ ገዢ አያጣም። ፈረንጁ ለሳሎኑ የሚፈልገውን እኛ ለበዓላችን ንቀን በፖሊስተር ስንተካው ግን ነገሩ ያሳፍራል።

ታዲያ እንዴት እንለየው? ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ጨርቁን ገልብጣችሁ እዩት። ጥለቱ የታተመ ከሆነ ፊቱ ደማቅ፣ ጀርባው ነጭ ወይም ደብዛዛ ይሆናል፤ የተሸመነ ከሆነ ቀለሙ ክሩ ራሱ ስለሆነ በጀርባውም ይታያል። ሁለተኛ፣ ወርዱን ተመልከቱ። የእጅ ሸማ ወርድ ሸማኔው መወርወሪያውን መላክ ከሚችልበት ርቀት አያልፍም፤ ስለዚህ ጋቢን የመሰለ ሰፊ ነገር መጋጠሚያ ስፌት ይኖረዋል። ሦስተኛ፣ ከጠርዙ አንድ ክር መዝዛችሁ ዕቃ ማጠቢያው ላይ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ይቀልጥና እንደ ዶቃ ይጠጥራል። አራተኛ፣ ሱቅ ውስጥ ከሆነ መለያ ወረቀቱን አንብቡ። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የአሜሪካ የጨርቃ ጨርቅ ሕግ ክሩ ምን እንደሆነ፣ ልብሱ የት አገር እንደተሠራና ኃላፊው ድርጅት ማን እንደሆነ እንዲጻፍ ያስገድዳል። አምስተኛውና ዋናው ግን አፋችሁ ነው። ነጋዴውን «የሸመነው ማነው? የት? ስንት ቀን ፈጀበት?» ብላችሁ ጠይቁ። እውነተኛ ነጋዴ ጥያቄው ደስ ይለዋል። የሚቆጣ ካለ፣ መልሱን ሰጣችሁ ማለት ነው።

ዋጋውን ሳንረሳ። ኤርፖርት ሌሊት ሠርታ ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርስ እህት ለራሷና ለአራት ልጆቿ የእጅ ሸማ ግዢ ማለት ጭካኔ ነው። እንቅፋቱም ተደራርቧል። በጦርነቱ ሳቢያ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ከአጎዋ ተሰረዘች፤ ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ጥቅል ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የሚገባበት ደንብ ቀረ። የሁለቱ በትር ትልቁን ነጋዴ ብቻ ሳይሆን ትንሿንም የሽመና ቤት መታ።

ግን መፍትሔው ከባህላችን ሩቅ አይደለም። እቁብና ማኅበር የምናውቅ ሰዎች ነን። ሠርግ ሲኖር ሚዜዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይለብሳሉ፤ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን አንድ ዓይነት ይለብሳሉ፤ የዕድር እናቶችም እንዲሁ። ሃያ ሰው በየግሉ ሃያ የታተመ ቀሚስ ከሚያዝዝ፣ ሃያው ተሰብስበው ከአንድ የሽመና ቤት ሦስት ወር አስቀድመው ቢያዝዙ ማጓጓዣው ይካፈላል፣ ደላላው ይቀንሳል፣ ሸማኔውም የሦስት ወር ሥራ ያገኛል። ጊዜው ወሳኝ ነው፤ እጅ እንደ ማተሚያ በአንድ ሌሊት አያደርስም። በየዓመቱ አዲስ መግዛትም ግዴታ አይደለም። እናቶቻችን አንድ ጥበብ ቀሚስ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ያወጡት ነበር፤ አርጅቶም ለልጅ ይተርፍ ነበር። በየዓመቱ ተገዝቶ ከሚጣል አምስት ርካሽ ቀሚስ፣ ዐሥር ዓመት የሚለበስ አንድ ሸማ ይረክሳል።

ስደተኛ ከአገሩ ይዞት የሚወጣው ብዙ ነገር የለም። ቋንቋውን፣ ሃይማኖቱን፣ ምግቡንና ልብሱን ነው። ከእነዚህ ውስጥ ልብሱን የሚሠራልን ሰው ዛሬም ጉድጓዱ ዳር ተቀምጦ ገዢ ይጠብቃል። ለመጪው በዓል ቀሚስ ስታማርጡ ቀለሙንና ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ሸማኔውንም ጠይቁ።

እስከ ሳምንት ቸር ያሰንብተን።