የችሎት ጸሐፊ እጅና ጆሮ

በዚህች መጽሔት በየወሩ ስለ ውሃ ማፍላት፥ ስለ ዝንብና ስለ መጸዳጃ ጕድጓድ ስንመክር ኖረናል፤ ወደ ፊትም እንመክራለን። ዛሬ ግን የአንባብያንን ፈቃድ ለምኜ ስለ አንድ የሥራ ዓይነት ጤና ጥቂት መናገር እወዳለሁ። ይኸውም በፍርድ ቤት የምስክሩን፥ የከሳሹንና የተከሳሹን ቃል ከአፍ ተቀብሎ፥ ወይም ከተቀረጸ ድምፅ ሰምቶ ወደ ጽሑፍ የሚያገባው የችሎት ጸሐፊ ሥራ ነው።

የዚህ ሥራ ሕመም አዲስ አይደለም። በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለው ኢጣልያዊ ሐኪም ስለ ሠራተኞች በሽታ በጻፈው መጽሐፍ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1713 በወጣው እትም ውስጥ፥ ጸሐፊዎችን የሚጎዱ ሦስት ምክንያቶችን ዘርዝሯል፤ ሳይነሡ መቀመጥ፥ እጅን ያለ ዕረፍት በአንድ መንገድ ማንቀሳቀስ፥ እንዳይሳሳቱም አእምሮን አጥብቆ መወጠር። ከሚያውቃቸው ውል ጸሐፊዎች የአንዱን ታሪክ ሲናገርም፥ ሰውዬው ቀኝ ክንዱ ደክሞ ደክሞ በመጨረሻ ስለ ሰለለበት በግራው መጻፍ ተማረ፤ ብዙም ሳይቆይ ግራውን ያው ሕመም ያዘው ይላል። ዛሬ በብዕሩ ፈንታ ኮምፒውተር ገባ እንጂ ሦስቱ ምክንያቶች እንዳሉ ናቸው።

በአሜሪካ አገር የችሎት ጸሐፍት በ1899 (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) የተቋቋመ ማኅበር አላቸው። ማኅበሩ ለሙያው የምስክር ወረቀት የሚፈተነው ሰው የምስክርን ጥያቄና መልስ በደቂቃ እስከ 225 ቃል እንዲጽፍ ይጠይቃል፤ ወረቀቱን ያገኘውም ሰው በየሦስት ዓመቱ 30 ሰዓት ያህል ትምህርት ካልጨመረ ማዕርጉን ይዞ አይቆይም። ስለ ሰውነትና ስለ አእምሮ ጤና የሚሰጥ ሴሚናርም ከዚሁ ትምህርት ሊቈጠር ይችላል። እኔ የማደንቀው ፍጥነቱን ሳይሆን ይህን ቈጠራ ነው፤ የጸሐፊው ጤና የሙያው ክፍል ነው ማለት ነውና።

በእኛም አገር በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የምስክር ቃል በጽሑፍ እንዲመዘገብ ያዛል። በአንዳንዱ ፍርድ ቤት ዳኛው ራሱ በእጁ ይጽፋል፤ በሌላው ድምፁ ይቀረጽና ገልባጮች በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ ይተይቡታል። ምስክሩ አንገቱን ደፍቶ ሲያጉተመትም «አየሁት» ማለቱ ነው ወይስ «አላየሁትም»? በዚህ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሰው ነጻነት ሊሆን ይችላል። ይህን እንዲለይ የምንጠብቀው ከጧት ጀምሮ ከወንበሩ ያልተነሣ ሰው ነው።

ባለፈው ዓመት በአንድ ከተማ ለችሎት ጸሐፍት የግማሽ ቀን ሴሚናር እንድሰጥ ተጠይቄ ነበር። በእጅ አንጓ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ስለሚያልፈው ነርቭ አስረዳሁ፤ አውራ ጣት፥ አመልካች ጣትና የመኻል ጣት በሌሊት እየደነዘዙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሱት ሰው ቶሎ ወደ ሐኪም ይሂድ፥ ቢዘገይ የአውራ ጣቱ ሥር ጡንቻ ሊሟሽሽ ይችላል አልሁ። ሕመሙ ሁሉ ከመተየቢያው ነው እንዳይሉም፥ የስኳር በሽታና እርግዝና ጭምር እንደሚያመጡት ነገርኋቸው። በየ20 ደቂቃው ዓይንን ከመስኮቱ አንሥቶ 6 ሜትር ያህል ወደ ራቀ ነገር ለ20 ሴኮንድ መመልከትን፥ የጆሮ ማዳመጫውንም ድምፅ እጅግ ከፍ አለማድረግን መከርሁ። በገለጻዬ እጅግ ረክቼ ነበር፤ ከውጭ አገር ተምሮ የመጣ ሰው ነገሩ ሁሉ በሥዕል የሚያልቅ ይመስለዋል።

ከኋላ ረድፍ አንዲት ሴት ተነሡ። «ዶክተር» አሉኝ፤ ዶክተር አይደለሁም፥ የጤና መኮንን ነኝ ብልም አልሰሙኝም። «የነገሩን ሁሉ መልካም ነው። ዳኛው ሳይነሡ እኔ እጄን መቼ ላሳርፍ?» አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «እጄስ ይሁን» ብለው ቀጠሉ። «የአንዲት ሕፃን ቃል ስገለብጥ አንዱ ቃል አልሰማ ብሎኝ አራት ጊዜ መለስሁት። ለቅሶዋን አራት ጊዜ ሰማሁ። ይህንን ለማን እነግራለሁ?»

ለዚህ ያዘጋጀሁት ሥዕል አልነበረኝም። ዳኛው፥ ዐቃቤ ሕጉና ጠበቃው ያንን ቃል የሚሰሙት አንድ ጊዜ ነው፤ ገልባጩ ግን እየመለሰ ይሰማዋል። ችሎቱ ዝግ ከሆነ ምስጢር ነውና ለባልም ለሚስትም አይነገርም፤ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ይዞት ይገባል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) ባሳተመው የበሽታዎች መመሪያ፥ በሥራው ምክንያት የሚያሰቅቅ ነገርን ዝርዝር ደጋግሞ የሚሰማ ሰው፥ አደጋው በራሱ ላይ ባይደርስም፥ ከአደጋ በኋላ በሚመጣው የመንፈስ ጭንቀት ሊያዝ እንደሚችል አምኗል። እንቅልፍ ማጣት፥ መበርገግ፥ ከሰው መሸሽ የስንፍና ምልክት ተብሎ በአለቃ ዘንድ ተግሣጽ ሲያመጣ አይቻለሁ። ይህ ስሕተት ነው።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። ሴሚናሩ በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደ ምጽዋት ሳይሆን በሥራ ሰዓት ይሰጥ፤ ለሙያ ዕድገትም ይቈጠር። የችሎቱን ሰዓት የሚወስነው ጸሐፊው አይደለምና ዳኞችና የመዝገብ ቤት ኃላፊዎች አብረው ይስሙ። የግድያና የሕፃናት መዝገብ በአንድ ሰው ላይ አይከመር፥ በተራ ይዞር። ጸሐፊውም ምስጢር ለመጠበቅ የሚገደድ አንድ አማካሪ ይኑረው።

መዝገብ ተከማችቶ ሳለ ዕረፍት ከወዴት ይመጣል የሚሉኝ አሉ። መዝገቡ መከማቸቱን አልክድም። ነገር ግን በድካም የተሳሳተ ግልባጭ በይግባኝ ጊዜ እንደ ገና ሲመረመርና ድምፁ እንደ ገና ሲሰማ የሚጠፋውን ቀን በዚያ ሒሳብ ውስጥ አስገብተው አላየሁም።

ከዚያው ከተማ ሁለተኛ ጥሪ ደርሶኛል። ሰብሳቢ ዳኞቹ በፊተኛው ረድፍ ይቀመጡ ዘንድ በደብዳቤ ለምኛለሁ፤ ወይዘሮዋም ሁለቱን ጥያቄዎቻቸውን በፊታቸው እንዲደግሙልኝ።