እንግዳ ይሁኑ እንጂ ደንበኛ አይሁኑ

ባሕር ዳር ለዕረፍት የሚመጣ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የጣና ገዳማትን በግማሽ ቀን አዳርሶ ይመለሳል። ጀልባ ይከራያል፣ ሥዕል ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ለምሳ ዓሣ ቤት ይደርሳል። ደስ የሚል ጉዞ ነው። ሆኖም ሥዕሉን አይቶ፣ ከሥዕሉ አጠገብ የሚኖሩትን ሰዎች ሳያውቁ መመለስም ይቻላል። በዚህ ወር የማወራዎት ሰው ለማወቅ ስለሚደረግ ጉዞ ነው።

በአገራችን ብዙ ገዳማት የሚተዳደሩት በአንድነት ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ በ4ኛው መቶ ዘመን ግብፅ ውስጥ አባ ጳኩሚስ ከመሠረተው ማኅበር ይያያዛል፤ አርአያው ደግሞ በሐዋርያት ሥራ የምናነበው የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች የጋራ ኑሮ ነው። በአንድነት ገዳም የግል ገንዘብ የለም። ጸሎቱ፣ ማዕዱና ሥራው የጋራ ነው። አበምኔቱ ወይም እመምኔቷ ይመራሉ፣ መጋቢው ቀለቡን ይይዛል፣ ሌላው ያርሳል፣ ይፈጫል፣ ውኃ ይቀዳል። እኛ በከተማ በአንድ ግቢ እየኖርን ለመብራት ቆጣሪ ስንጣላ፣ እነርሱ ለዘመናት ያለ ቆጣሪ ኖረዋል።

ከቤተሰብ ጋር ከሆኑ ቦታውን አስቀድመው ይምረጡ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ ሳያውቁ ከሄዱ አባት ገብቶ እናትና ሴት ልጅ ጀልባ ላይ ይቀራሉ። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴቶችንም ይቀበላል። በዘጌ ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረትም እንዲሁ። ዘጌ ላይ ለልጆችዎ አንድ ነገር ያሳዩአቸው፤ በቆየው የገዳሙ ሥርዓት በበሬ ማረስ ስለማይፈቀድ ቡናው የሚበቅለው በደን ጥላ ሥር ነው። ጣናና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ እንዲህ ያለው ደን አንዱ ሀብቱ ነበር።

አሁን ወደ ወዳጅነቱ። የእኔ ሥራ ደንበኛ ማስደሰት ነው፤ ስለዚህ ደንበኛ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ደንበኛ ይከፍላል፣ ይጠይቃል፣ ይሄዳል። እንግዳ ግን መጀመሪያ ሰላምታ ይሰጣል። አባቶችንና እማሆዮችን ሲያገኙ ዝቅ ብለው «ይፍቱኝ» ይበሉ፤ «እግዚአብሔር ይፍታ» ይሉዎታል። ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ያቆዩት። ሥራ ላይ ካገኟቸው ጤፍ መልቀምም ሆነ ቆሎ ማሸት አብረው ያግዙ። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። ልጆችም ከስብከት ይልቅ በዚህ ይማራሉ።

ስጦታን በተመለከተ ከአንበሳሜ እናቶች መማር ይቻላል፤ ወደ ገዳም ባዶ እጃቸውን አይሄዱም። ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ፣ አለዚያም የቤታቸውን እህል ይይዛሉ። የሚሰጡትም ለማኅበሩ ነው። እኔ የማውቃቸው አንዲት እማሆይ አሉ፤ ለብርዱ ብዬ ጋቢ ወሰድኩላቸው። በሚቀጥለው ጉዞዬ ጋቢው የአንዲት አሮጊት መነኩሲት ትከሻ ላይ ነበር። እማሆይ የቀድሞውን ነጠላቸውን ለብሰው ሳቁብኝ፤ «ለእኔ አምጥተሽ ለእኛ ደረሰ» አሉኝ። ንብረት ከሌለው ሰው ጋር ጓደኛ መሆን ይህ ነው፤ በስጦታ ልታስሩት አትችሉም። የሚቀረው መንገድ ተመልሶ መሄድ ብቻ ነው።

ይህ ደግሞ ከባዱ ነው። ብዙዎቻችን አንድ ጊዜ ሄደን፣ በጣም ተነክተን፣ ሁለተኛ አንሄድም። ስለዚህ ከአሥር ገዳም አንዱን ይምረጡ፤ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ወደዚያው ይመለሱ። የልጅዎን ስም ያውቁታል፤ ካልመጣም «የት ቀረ?» ይላሉ። አብሮዎት ጀልባ የተሳፈረው የማያውቁት ቤተሰብም ለሁለተኛ ጊዜ ሲገናኙ ስልክ ይሰጥዎታል፤ የጽዋ ማኅበርተኛ ሆኖ የሚቀርም አይጠፋም።

ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው ያጣሩ፣ በዓላትንና አጽዋማትን ይጠይቁ፣ ነጠላ አይርሱ። ለመመለሻ ጀልባው ሲቀጥሩም ሁለት ሰዓት ይጨምሩበት፤ ጨዋታው የሚጀምረው ሥዕሉ ታይቶ ካበቃ በኋላ ነው።