የማለዳ ብርድና የናፍጣ ሞተር

ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ አዲ አርቃይ የሚወርድ መንገደኛ፤ በማለዳ አስቀድሞ የሚገጥመው ችግር ብዙ ጊዜ የሞተር አልነሣ ማለት ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ብርቱ ብርድ ያመጣል። ቤተ ሰብ ይዞ የሚጓዝ ሁሉ ምክንያቱን ቢያውቀው የሚጠቅመው ስለ ሆነ፤ ዛሬ በዚህ ገጻችን ልንገልጸው ወደድን።

ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው መሐንዲስ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. በጀርመን አገር ሠርቶ ያሳየው ሞተር፤ እሳት የሚጭርለት ካንዴላ የለውም። በሲሊንደሩ ውስጥ አየር በብርቱ ሲታመቅ ይግላል፤ ናፍጣውም በጠባብ ቀዳዳ ተረጭቶ በጋለው አየር ላይ ሲገባ በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ርጭቱ እንደ ጉም የደቀቀ ሊሆን ይገባዋል።

ነገር ግን ቅቤ በብርድ እንደሚረጋ፤ ማርም ለመቀዳት እንደሚዘገይ፤ ናፍጣም ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ያን ጊዜ ርጭቱ ጉምነቱ ቀርቶ እንደ ዝናም ጠብታ ይከብዳል። ትልቁ ጠብታ ቶሎ አይተንም፤ ርቆ ሄዶ የሲሊንደሩን ቀዝቃዛ ግድግዳ ያረጥባል፤ ከፊሉም ሳይነድ ነጭ ጢስ ሆኖ ይወጣል። በዚህም ላይ ባትሪው ይደክማል፤ የሞተሩ ዘይት ይወፍራል፤ ሞተሩም በዝግታ ስለሚዞር አየሩ በሚገባ አይግልም። በደባርቅ ከፍታ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ይልቅ ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። ብርዱ እጅግ ከበረታ በናፍጣው ውስጥ ያለው ሰም ረግቶ ማጣሪያውን ይደፍናል።

እንግዲህ መድኀኒቱ ትዕግሥት ነው። ሞተሩ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለው እንደ ሆነ፤ ምልክቱ እስኪጠፋ ድረስ ቆይቶ ማስነሣት ይገባል። ከነዳጁ ጋን በታች እሳት ማንደድ ሕይወትን ለአደጋ መስጠት ነው። ነጭ ጋዝ በዘፈቀደ መቀላቀልም የናፍጣውን ቅባትነት ቀንሶ ፖምፓውን ይጎዳል። ሞተሩን በተዘጋ ቤት ውስጥ ማስነሣት አይገባም፤ ጢሱ ሕፃናትንም አዋቂዎችንም ይመርዛልና።

ከሁሉም የሚከፋው ሞተሩ አልነሣ ሲል መኪናውን በቁልቁለት አንደርድሮ ለማስነሣት መሞከር ነው። የብዙ መኪናዎች ፍሬንና መሪ ከሞተሩ እርዳታ ስለሚያገኙ፤ ሞተሩ ሳይሠራ መኪናውን መግታትና ማዞር እጅግ ይከብዳል። በነፋስ ፍሬን የሚሠራም ካሚዮን ጋኑ በአየር ሳይሞላ መንቀሳቀስ የለበትም። ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን በገደሉ ላይ የቀደዱት የሊማሊሞ መንገድ፤ እንዲህ ላለው ድፍረት ስፍራ የለውም።

ስለዚህ ተሳፋሪዎች ሾፌሩን እንዳያቻኩሉት፤ ሾፌሩም በተሳፋሪው ጉርምርምታ እንዳይሸነፍ እንመክራለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በሊማሊሞ ገደል ግን የፈሰሰውን የሚለቅም አይገኝም።