ከግጭት በኋላ፡ የተሽከርካሪ ባለንብረትና መድን ሰጪ በወልድያና በመርሳ መስመር

(ሐተታ)

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 521 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የምትገኘው ወልድያ የሰሜን ወሎ ዞን መዲና ብቻ ሳትሆን የመንገዶች መገናኛም ናት። ከደሴ ተነስቶ በሐይቅ፣ በውርጌሳና በመርሳ በኩል የሚመጣው አውራ ጎዳና ወደ ቆቦና አላማጣ ሲቀጥል፣ በድልብና በጋሸና ወደ ደብረ ታቦር የሚያዘልቀው መንገድም ከዚህችው ከተማ ይገነጠላል። ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና፣ አይሱዙ፣ ሚኒባስ፣ የመንግሥት ፒክአፕና ባጃጅ በአንድ አስፋልት ላይ በሚጋፉበት በዚህ መስመር የተሽከርካሪ ግጭት እንግዳ ነገር አይደለም። የሰው ሕይወት የጠፋበት አደጋ ወዲያው ይሰማል፤ ዜናም ይሆናል። ማንም ሳይጎዳ ኮፈኑ ተጨማድዶ፣ ፓራውልቱ ወልቆ በመንገድ ዳር የቆመ ሚኒባስ ግን የማንንም ትኩረት አይስብም። የባለንብረቱ ፈተና የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

በቅድሚያ አንድ የተለመደ ስህተት ማረም ያስፈልጋል። ማንኛውም ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ ለመንቀሳቀስ ሊኖረው የሚገባው በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። ይህ መድን ተሽከርካሪው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚውል እንጂ የባለንብረቱን መኪና የሚያስጠግን አይደለም። አዋጁ በወጣበት ጊዜ ለንብረት ጉዳት የተቀመጠው ጣሪያም 100 ሺህ ብር ነበር። የራስን መኪና የሚያስጠግነው በፈቃደኝነት የሚገባው ሙሉ ሽፋን ሲሆን፣ ከዚህ በታች የሚነሱት መብቶች በአብዛኛው የሚመለከቱት ይህንኑ ውል ነው። በመስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን ምልክት አይቶ "መኪናዬ መድን አላት" ብሎ የሚያስበው ባለንብረት ጥቂት አይደለም።

የሙሉ ሽፋን ውል የሚመራበት ዋነኛ ሕግ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1243 የሕጉን ብዙ ክፍል በአዲስ ቢተካም የመድን ድንጋጌዎቹ ጸንተው ቆይተዋል። በእነዚህ ድንጋጌዎች መሠረት መድን ገቢው አደጋ መድረሱን እንዳወቀ፣ ቢዘገይ በ5 ቀናት ውስጥ ለመድን ሰጪው ማሳወቅ ይኖርበታል። አምስት ቀን በአዲስ አበባ በቂ ጊዜ ሊሆን ይችላል። ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ባለችው የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ በመርሳ ወይም ከዚያ ወጣ ባለ ቀበሌ ለተጋጨ መኪና ግን አጭር ነው። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በጸጥታ ችግር መንገድ የተዘጋባቸውና ግንኙነት የተቋረጠባቸው ቀናት ሲታሰቡ ደግሞ የበለጠ ያጥራል። በስልክ "ነግሬያችኋለሁ" ማለት በኋላ ለክርክር አይበቃም። ማስታወቂያው በጽሑፍ ሆኖ በኩባንያው መዝገብ ቤት ገቢ ሊደረግ፣ ቀንና ቁጥር የሰፈረበት ቅጂም በባለንብረቱ እጅ ሊቀር ይገባል። ደብዳቤ ማድረስ ባልተቻለበት ቀን የተላከ የስልክ መልእክትና የተነሳ ፎቶግራፍም ከባዶ ቃል ይሻላል።

ከማስታወቂያው ቀጥሎ ወሳኙ ሰነድ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና በግጭቱ ስፍራ የሚነሳው ፕላን ነው። የዚህን ወረቀት ክብደት ለመረዳት የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 2084 ማየት ይጠቅማል። ሁለት ተሽከርካሪዎች በተጋጩ ጊዜ ሕጉ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለንብረት ከጠቅላላው ጉዳት ግማሹን ይሸከማል። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው የደረሰው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት ብቻ ወይም በአመዛኙ በእርሱ ጥፋት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። በመሆኑም በትክክል ረድፉን ይዞ ሲሄድ የተገጨ ሰው እንኳ ማስረጃ ካላቀረበ የገጪውን ጉዳት ጭምር ሊካፈል ይችላል። ፕላኑ ሳይነሳ መኪኖቹ ከመንገድ ሲገለሉ፣ ወይም ሪፖርቱ በጽሕፈት ቤት ለሳምንታት ሲቆይ፣ የሚጠፋው የአንድ ሰው ገንዘብ ነው። የወረዳ ፖሊስ ኃላፊዎች ሪፖርቱን እንደ ተራ ደብዳቤ ባያዩት መልካም ነበር።

እዚህ ላይ ከአካባቢው ልማድ ጋር የሚጋጭ ጉዳይ አለ። በወሎ መንገድ ላይ ሁለት አሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሽማግሌ መሀል ይገባል፤ "አፉ በለኝ" ይባላል፤ ጥፋት ያመነው ወገን ጥቂት ብር ሰጥቶ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ለጎረቤትነትና ለሰላም የሚበጅ፣ የሚከበር ባህል መሆኑ አያጠያይቅም። ሆኖም የመድን ውሎች መድን ገቢው ያለ ኩባንያው ፈቃድ ጥፋት እንዳያምንና እንዳይዋዋል በአብዛኛው ይከለክላሉ። ምክንያቱም ኩባንያው ካሳ ከከፈለ በኋላ በመድን ገቢው እግር ተተክቶ ጥፋተኛውን የመጠየቅ መብት ስላለው ነው። ባለንብረቱ አስቀድሞ "ጨርሰናል" ብሎ ከፈረመ ይህን መብት ስለሚያጠፋበት የካሳ ጥያቄው ውድቅ የሚሆንበት በር ይከፈታል። ስለዚህ ይቅር መባባሉ እንዳለ ሆኖ ወረቀት ላይ መፈረሙ ከኩባንያው ጋር እስኪመከር ቢቆይ ይመረጣል።

ሪፖርቱ ከቀረበ በኋላ የኩባንያው ሰርቬየር ጉዳቱን ይመለከታል፤ ጋራዦች ፕሮፎርማ ያቀርባሉ፤ በተለመደው አሠራርም ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ጋራዥ የሥራ ትእዛዝ ይሰጠዋል። ብዙ ባለንብረቶች የሚያነሱት ጥያቄ "ጋራዡን የመምረጥ መብት የማን ነው?" የሚል ነው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት የመድን ሕግ ኩባንያው መኪናው በአንድ በተወሰነ ጋራዥ እንዲጠገን ማስገደድን ይከለክላል። በእኛ አገር የመድን ሕግ እንዲህ ያለ ድንጋጌ የለም። በውሎቹ ላይ የሚገኘው በተቃራኒው ኩባንያው ወይ የማስጠገን፣ ወይ የመተካት፣ ወይ በገንዘብ የመክፈል ምርጫ እንዳለው የሚገልጽ ቃል ነው።

ይህ ማለት ግን ባለንብረቱ ድምፅ የለውም ማለት አይደለም። ምርጫ ኃላፊነትን ያስከትላል። ጋራዡን የመረጠው፣ ዋጋውን የተስማማውና ትእዛዙን የሰጠው ኩባንያው ከሆነ ሥራው ሲበላሽ "ከጋራዡ ጋር ተነጋገር" የሚለው መልስ አጥጋቢ ሊሆን አይችልም። ባለንብረቱ አረቦን የከፈለው ለኩባንያው እንጂ ለጋራዡ አይደለም። ኩባንያው በውሉ የገባው ግዴታም መኪናው ከአደጋው በፊት ወደነበረበት ሁኔታ እንዲመለስ ማድረግ ነው። በውሉ ውስጥ አሻሚ ቃል ቢገኝም የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንዱ ወገን ብቻውን ያዘጋጀው የውል ቃል በአዘጋጁ ላይ እንዲተረጎም ያዛል። የመድን ውል ደግሞ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለውም። መድን ገቢው አንድም ቃል ሳይጨምርበት ይፈርማል።

ክርክሩ በይበልጥ የሚከርረው በመለዋወጫ ላይ ነው። ለወልድያና ለመርሳ ጋራዦች የሚያስፈልገው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከአዲስ አበባ፣ በተለይም ከሱማሌ ተራ ነው። አንድ የፊት መብራት ኦርጂናል፣ ተመሳስሎ የተሠራ ወይም ከሌላ መኪና የተፈታ ሊሆን ይችላል፤ የሦስቱ ዋጋ እጅግ ይራራቃል። ፕሮፎርማው "የፊት መብራት፣ 1" ብቻ የሚል ከሆነ ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበው ጋራዥ የትኛውን እንዳሰበ የሚያውቅ የለም። ባለንብረቱ ትእዛዙ ከመሰጠቱ በፊት የዕቃው ዓይነት በእያንዳንዱ መስመር ላይ እንዲጻፍ የመጠየቅ መብት አለው። ኩባንያው "አዲስ ዕቃ ስለሚገባልህ የዕርጅና ቅናሽ አለብህ" ሲለውም ቅናሹ በውሉ የትኛው አንቀጽ፣ በምን ስሌት እንደተወሰነ በጽሑፍ እንዲሰጠው ሊጠይቅ ይችላል።

የዚህ ሐተታ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት በመሥሪያ ቤት መኪና ለሥራ ሲጓዝ ከኋላ በመጣ አይሱዙ ተገጭቶ ነበር። መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ቀለሙ ያብረቀርቅ ስለነበር ሾፌሩ ርክክቡ ላይ ወዲያው ፈረመ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቀለሙ ተላቅቆ ከሥሩ ስቱኮ ብቅ አለ፤ የኋላው በርም በደንብ አይገጥምም ነበር። ቅሬታ ስናቀርብ የተመዘዘብን "በጥሩ ሁኔታ ተረክቤአለሁ" የሚለው የሾፌሩ ፊርማ ነው። መኪናው ሳይነዳ፣ ከሥሩ ሳይታይ፣ ሻንሲው ሳይለካ መፈረም የማይገባ መሆኑን የተማርነው ያን ጊዜ ነው። ጉድለት ካለም ጉድለቱን በፊርማው አጠገብ ጽፎ መረከብ ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ ዛሬ የባለንብረቶችን መብት እየበላ ያለው ግን ጋራዡም ሰርቬየሩም አይደለም፤ በውሉ ላይ የሰፈረው የመኪናው ዋጋ ነው። በንግድ ሕጉ መሠረት የንብረት መድን የካሳ ውል ነው። ካሳው ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ካለው ዋጋ ሊበልጥ አይችልም። የተገላቢጦሹም አለ። የንብረቱ ዋጋ መድን ከተገባበት መጠን የበለጠ እንደሆነ፣ ውሉ ሌላ ካላለ በስተቀር፣ መድን ገቢው ለልዩነቱ ራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጠራል፤ ከጉዳቱም ተመጣጣኙን ድርሻ ይሸከማል።

ይህ ድንጋጌ ዋጋ በተረጋጋበት ዘመን ብዙም አይታወስም ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ሁኔታው ተለውጧል። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑም በአገር ውስጥ ባሉት መኪኖች ዋጋ ላይ የራሱን ጫና አሳድሯል። መኪናውም መለዋወጫውም ሲወደድ በውሉ ላይ ያለው አሃዝ ባለበት ቆየ። ለአብነት ያህል፣ በገበያ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር የሚያወጣ ሚኒባስ በ1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር መድን ቢገባለትና የጥገናው ወጪ 300 ሺህ ብር ቢሆን፣ በተመጣጣኝ ድርሻ ስሌት ኩባንያው የሚከፍለው 150 ሺህ ብር ብቻ ነው። ከዚያም ላይ ባለንብረቱ የሚሸከመው ተቀናሽ ይነሳል። የሚኒባሱ ባለቤት አረቦን ለመቆጠብ ብሎ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ከሆነ ያደረገውን ያውቃል። ብዙው ግን ያለፈውን ዓመት አሃዝ ሳያየው ያሳደሰ ነው።

በዚህ ረገድ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከግለሰቦች የተሻሉ ናቸው ለማለት ያስቸግራል። በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ የመድን እድሳት ደብዳቤ ሲዘጋጅ የአምናው ሠንጠረዥ ቀኑ ብቻ ተለውጦ የሚገለበጥበት ሁኔታ አለ። የንብረት አስተዳደሩ የመኪናውን የግዥ ዋጋ እንጂ የገበያ ዋጋውን አይከታተልም፤ የፋይናንስ ክፍሉም አረቦኑ ባለመጨመሩ ደስተኛ ነው። መኪናው በተጋጨ ጊዜ ለጥገናው የጎደለው ገንዘብ በበጀት አልተያዘም። ስለዚህ ለክትባት ወይም ለግብርና ክትትል ይሰማራ የነበረው ፒክአፕ በግቢው ዛፍ ሥር ጎማው እስኪተነፍስ ይቆማል። ዋጋው ዝቅ ብሎ እንዲቆይ የፈቀደው ማን እንደነበር የሚጠይቅ የለም።

ከሽፋን ውጭ ስለሚሆኑት ምክንያቶችም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። መንጃ ፈቃዱ ለተሽከርካሪው ዓይነት የማይፈቅድለት አሽከርካሪ፣ ጠጥቶ ማሽከርከር፣ ለግል አገልግሎት መድን በገባ መኪና ተሳፋሪ በክፍያ ማመላለስ በውሎቹ የተለመዱ የመከልከያ ምክንያቶች ናቸው። ጦርነትና ሁከትም በመደበኛው ሽፋን አይካተቱም። ወልድያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ባለፉበት ወቅት ለደረሰው ውድመት መደበኛው የመኪና መድን መልስ እንዳልነበረው የአካባቢው ነዋሪ ያስታውሳል። ለዚህ ዓይነቱ አደጋ ለብቻው የሚገዛ ሽፋን አለ።

ኩባንያው ሳይከለክል፣ ሳይፈቅድም የሚያዘገይበት ጊዜ የተለየ መልስ ይሻል። ሚኒባሱ በቆመበት ቀን ሁሉ የሚቀረውን ገቢ ውሎቹ በአብዛኛው አይሸፍኑም። ነገር ግን መጠኑ ታውቆ መከፈል ያለበት ገንዘብ ሲዘገይ ባለመብቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከሰጠበት ቀን አንሥቶ ሕጋዊ ወለድ ሊጠይቅ ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የተቀመጠው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። ብዙ ገንዘብ ባይሆንም ማስጠንቀቂያው ፋይሉን ከመደርደሪያ ያወርዳል። ኩባንያዎቹን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያም የቅሬታ ማስተናገጃ ሥርዓት እንዲኖራቸው ያስገድዳቸዋል። በመሆኑም ቅሬታው በቅድሚያ ለዚያው ለኩባንያው በጽሑፍ ይቀርባል፤ መልስ ካልተገኘ ወደ ባንኩ ይሄዳል። በካሳው መጠን ላይ የሚነሳን ክርክር ወደ ግልግል ዳኝነት የሚመሩ ውሎች ስላሉ ክስ ከመመሥረት በፊት ያንን አንቀጽ ማንበብ ይገባል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጊዜ ይቆጠራል። ከመድን ውል የሚመነጭ ጥያቄ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። "ዋና መሥሪያ ቤት እየታየ ነው" የሚለው የቃል መልስ ይርጋውን ለማስቆም የሚበቃ አይደለም። ከወልድያ ወደ አዲስ አበባ ሲመላለስ የከረመ ፋይል ሁለተኛ ዓመቱን ሊደፍን ሲቃረብ ባለንብረቱ ሊያደርገው የሚገባው ሌላ ደብዳቤ መጻፍ ሳይሆን ለፍርድ ቤት ወይም ለግልግል ዳኝነት ማመልከቻውን ማስገባት ነው።